ሴት ሳታውቀው የሚያልፈው ወር

ጀዊሪያ ሙሀመድሰይድ ቆቦ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ተወልዳ ያደገችው ጎብዬ ነው፤ ወደ ቆቦ የመጣችው ባጃጅ ነጂውን መህዲን አግብታ ነው። ለሠርግ የሚሆን ልብስ የሚፈልጉ ሙሽሮች ከሮቢትም፣ ከዙሪያው ቀበሌም እሷን ብለው ይመጣሉ። እጇ ፈጣን ነው፤ አፏም አያርፍም። ስትስቅ ሳቋ ከስፌት መኪናው ድምፅ በልጦ መንገድ ድረስ ይሰማል።

ይህ ሳቅ ለዓመታት ጠፍቶ ነበር።

የመጀመሪያ ልጇን ስትፀንስ ካገባች ዓመት አልሞላትም። ልጅ ፈልጋ ነበርና ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ያኔ የዒድ ሥራ ተደራርቦባት ስለነበር የወር አበባዋ መቅረቱን እንኳ ልብ ያለችው ዘግይታ ነው። ሆዷ ገፋ ማለት ሲጀምር ጤና ጣቢያ ሄዳ ካርድ አወጣች። የደም ማነስ እንዳይይዛት ብለው ክኒን ሰጧት፤ አንድም ቀን ሳታጓድል ዋጠች። የቀጠሮዋን ቀን አታሳልፍም፤ ብዪ ያሏትን ትበላለች፤ አትሸከሚ ሲሏት አትሸከምም። «እንዳንቺ የምትሰማ እርጉዝ አይቼ አላውቅም» ትላት ነበር አዋላጇ ነርስ፣ ሲስተር ተናኜ። ተናኜ የሮቢት ልጅ ናት፤ አነጋገሯ ቁርጥ ያለ፣ ልቧ ግን ለስላሳ የሆነ ሴት።

ኑሀ የተወለደችው ቆላው በሙቀት በሚፋጅበት በሰኔ መጀመሪያ ነው። ልጅቱ እንደወጣች ጮክ ብላ አለቀሰች። ጀዊሪያ «አልሃምዱሊላህ!» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። ልጅቱ ግን ወደ እጇ አልመጣችም። ሲስተር ተናኜ ሕፃኗን በሆዷ አስተኝታ፣ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ታያለች።

«ምነው ሲስተር? ምን ሆነችብኝ?»

ከሕፃኗ ወገብ ዝቅ ብሎ፣ አከርካሪዋ ላይ፣ ሎሚ የሚያህል ውኃ የቋጠረ እብጠት ነበር፤ የሸፈነው ቆዳ ከመሳሳቱ የተነሣ ውስጡ ሊታይ ምንም አልቀረውም።

«እህቴ፣ ስሚኝ» አለች ተናኜ። «አከርካሪዋ እዚህ ጋ ሳይገጥም ቀርቷል። ልጅሽ ግን በሕይወት አለች፤ ድምፅዋንም ሰምተሻል። አሁን ሥራችን ይህ እብጠት ሳይፈነዳ፣ ሳይቆሽሽ ቀዶ ጥገና የሚሠራ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ነው።»

ይህን ብላ እብጠቱን በንጹሕ የጨው ውኃ በራሰ ፋሻ ሸፈነችው። ጀዊሪያ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳመቻት በሆዷ እንደተኛች፣ ማጅራቷ ላይ ነው።

ወሬው ከእናትየዋ ቀድሞ ደጅ ወጣ። የመህዲ እናት እማ ራህመት በር ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከጎረቤት ሴቶች አንዷ «ዐይን ነው» አለች፤ ሌላዋ «ጀምበር ስትጠልቅ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጂን መቷት ነው» አለች። እማ ራህመት ራሳቸውም ልጅቱ መጀመሪያ ዱዓ ይደረግላት፣ ቅጠል የሚያውቅ ሰው ይያትና እብጠቱ ይታሠር የሚል አሳብ ነበራቸው።

ተናኜ ወጥታ እጃቸውን ያዘች። «እማ ራህመት፣ ዱዓውን ያድርጉ፤ እኛም እንጸልያለን። ቅጠሉ ግን ይቅር። ይህን ነገር ማንም በእጁ ቢነካው ልጅቱን እናጣታለን።»

አሮጊቷ ልጃቸውን አዩት። መህዲ «እንሄዳለን» አለ።

«ሀዬ» አሉ እማ ራህመት፤ ነጠላቸውን አጠበቁ። «እንግዲያው እኔ ነኝ የምይዛት። የእናቷ ጉልበት ገና አልጠናም።»

እንዳሉትም አደረጉ። ከቆቦ ደሴ በአምቡላንስ፣ ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሕፃኗ በእማ ራህመት ጭን ላይ በሆዷ ተኝታ ነው የሄደችው። አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር በሁለት መዳፋቸው ደግፈው ያነሷታል። ለመጥባት ብቻ ወደ እናቷ ትሻገራለች፤ ከዚያ ተመልሳ ወደ ጭናቸው። ጀዊሪያ ዛሬም ስለ አማቷ ክፉ የሚናገር ሰው ከመጣ ስለዚያ ጭን ታነሣለች፤ ሌላ ነገር ሰምታ የማታውቅ ይመስል።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ሐኪሙ ግን የተደበቀ ነገር እንዲኖር አልፈለገም። ጀርባዋ ተዘግቷል፤ ከመወለዷ በፊት የተጎዳው ነርቭ ግን አይመለስም አላቸው። እግሮቿ ይደክማሉ፤ ሽንቷን መቆጣጠር ያስቸግራታል፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ውኃ እንዳይጠራቀም ክትትል ያስፈልጋል። «ትማራለች?» ብላ ጠየቀች ጀዊሪያ። «ለምን አትማርም?» አላት ሐኪሙ። ይህችን መልስ ይዛ ወደ ቆቦ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የልምምድ ዘመን ነበር። ጀዊሪያ የልጇን እግር በየቀኑ ማሸትና ማዘርጋት ተማረች። ሽንቷን በቀጭን ቱቦ ማውጣት፣ ቱቦውን በንጽሕና መያዝ ተማረች፤ መጀመሪያ ላይ እየከበዳት፣ በኋላ መርፌ ላይ ክር እንደ ማሾለክ እየቀለላት። ኑሀ እኩዮቿ በሚሮጡበት ዕድሜ በብረት ድጋፍ ቆመች፤ ቀጥላም ጫማዋ ላይ በተያያዘ ድጋፍና በሁለት ክራንች መሄድ ጀመረች። ምላሷ ግን ማንንም አልጠበቀም። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላት የመናኸሪያውን ረዳቶች ድምፅ አስመስላ «ወልድያ! ወልድያ!» እያለች ደንበኛ ታስቅ ነበር።

ደንበኞቹ ሲስቁ ጀዊሪያ ፈገግ ትላለች፤ ያን የድሮውን ሳቋን ግን አትስቅም። ውስጧ አንድ ጥያቄ ነበረ። ምን አድርጌ ነው? የወጣችባቸውን ምሽቶች ታስባለች፤ የበላችውን፣ የተቆጣችበትን ቀን፣ አንድ ጊዜ የተሸከመችውን ጀሪካን። ስለ ሁለተኛ ልጅ ሲነሣ ፊቷን ታዞራለች። መህዲ «አንቺ እስክትይ እኔ አላነሣውም» ብሎ ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። እማ ራህመት ግን «ኑሀ ብቻዋን ልትቀር ነው?» ማለታቸውን አልተዉም። ጀዊሪያ በየሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌዋን መወጋቷን ቀጠለች።

ኑሀ አምስት ዓመት ሲሞላት ነው ነገሩ የተለወጠው። ሲስተር ተናኜ የሰፋባትን ነጭ ጋዋን ልታስጠብብ ወደ ስፌት ክፍሏ መጣች። ሌላ ሰው አልነበረም። ጀዊሪያ ጋዋኑን በወገቧ በኩል እየቆነጠጠች በስፒል ስትይዝ፣ ዓመታት የታፈነው ጥያቄ አፏ ላይ መጣ።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብወልድ… ሁለተኛውም እንደ ኑሀ ይሆናል?»

ተናኜ በመስተዋቱ ውስጥ አየቻት። «ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?»

«መልሱን ፈርቼ።»

«መልሱ የሚያስፈራ አይደለም። አንድ ጊዜ የደረሰባት ሴት ከሌላዋ ይልቅ እንዳይደገምባት ያሰጋል፤ እሱ እውነት ነው። ግን የሚከላከል ነገር አለ። ፎሊክ አሲድ የሚባል ክኒን ነው።»

ጀዊሪያ ስፒሉን አስቀመጠች። «ክኒንማ ወስጄ ነበር እኮ! የሰጠሽኝ አንቺው ነሽ! ወላሂ አንድ ቀን አላጓደልኩም!»

«አውቃለሁ። ስትመጪ ግን ስንት ወርሽ ነበር?»

«አራት… አምስትም ሳይሆን አይቀርም።»

ተናኜ ከወለሉ ላይ አንድ ቁራጭ ጨርቅ አነሣችና መዳፏ ላይ ዘረጋችው። «ሕፃን ሲጀመር ጀርባው እንዲህ ጠፍጣፋ ነው። ከዚያ ግራና ቀኙ እየተነሣ ይመጣና ጠርዝና ጠርዙ ይገጥማል፤ ቱቦ ይሆናል። ከላይ ያለው አንጎል ይወጣዋል፣ ከታች ያለው ሕብለ ሰረሰር። ይህ ሁሉ ተሠርቶ የሚያልቀው በመጀመሪያው ወር ነው። አንቺ ‹የወር አበባዬ ዘገየ ወይስ ቀረ› እያልሽ በምታመነቺበት ጊዜ እሱ ወይ ገጥሞ ጨርሷል፣ ወይ ሳይገጥም ቀርቷል።»

«ኑሀም?»

«ኑሀም። እኔ ዘንድ ስትመጪ የሆነው ሆኖ አልቆ ነበር። የሰጠሁሽ ክኒን ፎሊክ አሲድም ነበረበት፤ ለደምሽ ጠቅሞሻል፤ ለጀርባዋ ግን አልደረሰላትም። መወሰድ የነበረበት ከመፀነስሽ በፊት ነው። ይህን ደግሞ ያኔ ማንም አልነገረሽም።»

ጀዊሪያ ጨርቁን ተቀብላ አጥፋ ዘረጋችው፤ ደግማ አጠፈችው። «ስለዚህ ጀምበር ስትጠልቅ ውኃ ልቀዳ ስለወጣሁ አይደለም?» አለች።

«ጀምበር ስትጠልቅ ውኃ በመቅዳት ቢሆንማ ቆላው ውስጥ ማን ደህና ልጅ ይወልድ ነበር?»

ጀዊሪያ መጀመሪያ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ያ መንገድ ድረስ የሚሰማው። እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ በስፒል የተያዘውን ጋዋን የለበሰችው ተናኜም ስፒሉ እየወጋት አቀፈቻት።

ሲረጋጉ ጀዊሪያ እንደ ልማዷ ጥያቄውን አወረደችው። ጎመንና ምስር ብበላስ አይበቃም? ተናኜ ጥሩ ነው፣ ብዪ፤ ከምግብ የሚገኘው ብቻውን ግን አያስተማምንም አለቻት። ከወሰድኩ በእርግጠኝነት ደህና ይሆናል? «በእርግጠኝነት የምልሽ የለኝም። አብዛኛውን ይከላከላል፤ ሁሉንም አይደለም። ለሌላ ሴት ትንሹ መጠን ይበቃታል፤ ለአንቺ ግን ኑሀን ስለወለድሽ ከፍ ያለው መጠን ነው የሚያስፈልገው። እሱን ሐኪም አይቶሽ ነው የሚያዝልሽ። መርፌሽን ሳታቆሚ ክኒኑን ጀምሪ። ቢያንስ ሦስት ወር ያህል ከወሰድሽ በኋላ ነው ስለ ልጅ የምታስቢው።»

በዚያው ቀን መህዲ ምሳ ሊበላ ሲገባ ነገረችው። ሁሉንም ሰምቶ «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለ። ሐኪም ዘንድ አብረው ሄዱ፤ ክኒኑም ታዘዘላት።

ችግሩ ማግኘቱ ነበር። ያን ጊዜ በአገሩ ሁኔታ የተነሣ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ የመድኃኒት ቤቶቹ መደርደሪያ ባዶ የሚሆንበት ሳምንት ብዙ ነበር። ትንሹ መጠን ቢገኝ ትልቁ ይጠፋል። ጀዊሪያ ገና ወር ሳትወስድ የያዘችው አለቀ። መህዲ መናኸሪያ ያሉትን ሾፌሮች ሁሉ ለመነ። ከነሱ አንዱ ይሁኔ ነበር፤ ወደ ወልድያ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ዝምተኛና ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው።

ይሁኔ የማዘዣውን ወረቀት ተቀብሎ «ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። መህዲ ነገረው። ይሁኔ ወረቀቱን አጠፈው። «እኛም ቤት አንድ ነበር» አለ። «የጭንቅላቱ አጥንት ያልተዘጋ። ሳይውል ሳያድር ሄደ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በቅዳሜ ስለፈጨሁ ነው ትላለች።» ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ።

መንገዱ እንደተከፈተ ይሁኔ ክኒኑን ይዞ መጣ። በአደራ አላሳለፈውም፤ ራሱ ከነባለቤቱ ስፌት ክፍሏ ድረስ አመጣው። ባለቤቱ ለብዙ ጊዜ ከኑሀ ጋር ስታወራ ቆየችና፣ ሲወጡ የጀዊሪያን ጉንጭ ደጋግማ ሳመች። «የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ክኒኑ አንድ ቀን አልጎደለም። ይሁኔ ሳይጠየቅ ይጠይቃል፤ ሳይላክ ያመጣል።

ጀዊሪያ የተቋረጠባትን ወር አልቆጠረችውም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ጊዜው ሲሞላ መርፌውን አቆመች። ስትፀንስ ገና የወር አበባዋ ጥቂት ቀን እንደዘገየ ነው ወደ ተናኜ የሮጠችው፤ ክኒኑንም እንዳታቋርጥ ተነገራት።

ፍርሃቱ ግን በክኒን አይጠፋም። ወልድያ በአልትራሳውንድ ልትታይ በሄደችበት ቀን እማ ራህመት አብረዋት ገቡ። ሐኪሟ መሣሪያውን ሆዷ ላይ እያንሸራተተች ብዙ ቆየች። ጀዊሪያ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

«እዩት» አለች ሐኪሟ ስክሪኑን ወደነሱ አዙራ። «ይህ ነጥብ በነጥብ የተደረደረው አከርካሪው ነው። ከላይ እስከ ታች ዝግ ነው። ጭንቅላቱም ደህና ነው።»

ጀዊሪያ ዐይኗን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ስክሪኑን ሳይሆን አማቷን ነው። እማ ራህመት ወደ ስክሪኑ ተጠግተው፣ መቁጠሪያቸውን ከምስሉ ጋር እያስተያዩ፣ «ተስቢህ ይመስላል እኮ» አሉ፤ «ማሻአላህ፣ ልክ እንደ ተስቢህ።»

ፈሪድ የተወለደው እንደ እህቱ በሲስተር ተናኜ እጅ ነው። አለቀሰ፤ ወዲያውም እናቱ ደረት ላይ ሆነ። እማ ራህመት ሲገቡ ፊቱን አላዩም፤ ወንድ ነው ሴት ብለውም አልጠየቁም። እጃቸውን ታጥበው ጣታቸውን ከማጅራቱ ጀምረው በአከርካሪው ላይ ቀስ እያሉ እስከ ወገቡ አወረዱ። ደግመው አወረዱ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ተናኜን ግንባሯን ሳሟት። «አንቺን የወለደች እናት አትጉደል።»

ከዚያ በኋላ ጀዊሪያ ልትተወው ያልቻለችው ሥራ መጣ። ለሙሽራ ልብስ ልኬት ስትወስድ፣ ሜትሩን ወገብ ላይ አዙራ «ልጅ መቼ ታስባላችሁ?» ትላለች። ሙሽሮቹ ያፍራሉ፤ እሷ አታፍርም። «ከማሰብሽ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ፎሊክ አሲድ ጠይቂ። የወር አበባሽ ሲቀር አይደለም፤ ቀድመሽ ነው።» አንዳንዷ ትስቃለች፤ አንዳንዷ እናቷን ይዛ ተመልሳ ትጠይቃለች። ተመልሳ የጠየቀችዋን ጀዊሪያ ልብሱ እስኪያልቅ አትለቃትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ለመህዲ ታናሽ እህት ለራዊያ ይህንኑ ስትነግራት፣ ኑሀ ጥግ ላይ ቁልፍ በቀለም እየለየች ትሰማ ነበር። አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። ራዊያ እንደወጣች ቀና አለች።

«እማ፣ እኔ እንዲህ የሆንኩት ክኒኑን ስላልወሰድሽ ነው?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ጀዊሪያ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ መልሱን ብዙ ጊዜ አዘጋጅታለች። ወርዳ ወለሉ ላይ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች።

«ምናልባት ነው፣ ልጄ። ብወስደው ኖሮ ጀርባሽ ይገጥም ነበር ይሆናል። ወስደውም የሚደርስባቸው አሉ፤ ማንም በእርግጠኝነት አይነግረንም። እኔ ግን ያኔ አላወቅሁም ነበር። አንቺ ሆዴ ውስጥ መኖርሽንም አላወቅሁም።»

ኑሀ አሰበችበት። «ብታውቂ ትወስጂው ነበር?»

«በሁለት እጄ።»

«ታዲያ እኔ አልወለድም ነበር? ሌላ ልጅ ነበር የሚወለደው?»

«ማን አለሽ? አንቺው ነበርሽ የምትወለጂው። ይሄው አፍሽ፣ ይሄው ዐይንሽ። ቱቦና ክራንች ብቻ አያስፈልግሽም ነበር።»

«ክራንቼንስ ወድጄዋለሁ» አለች ኑሀ። «ቱቦው ነው የሚያስጠላኝ። ትምህርት ቤት ሽንት ቤቱ በር የለውም።»

ጀዊሪያ ስታስበው የነበረውን ከባድ ነገር ሁሉ ትታ ስለዚህ በር ጠየቀች። ከመቼ ጀምሮ? ለማን ነግረሻል? በማግስቱ ጠዋት እሷና መህዲ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄዱ፤ ሰውየውም ሳያመነታ አናጺ አስጠራ። በሩ ከነመቀርቀሪያው ተገጠመ፤ እጅ መታጠቢያም ተጨመረለት። ሌሎቹ ሴት ልጆችም ከኑሀ ባልተናነሰ ደስ አላቸው።

ራዊያ ከሠርጓ በፊት ክኒኑን ጀመረች። ይህን ለጀዊሪያ የነገሯት እማ ራህመት ናቸው፤ ልጃቸውን እጇን ይዘው የወሰዷት እሳቸው ነበሩና። ዛሬ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ቤት ሙሽራ ካዩ አያልፉም። «ሴት ሳታውቀው የሚያልፍ አንድ ወር አለ፤ እሱን ቀድመሽ ጠብቂው» ይላሉ። ቃሉን ከማን እንደሰሙት ሲጠየቁ «ከሲስተራችን» ይላሉ ኮራ ብለው፤ ልክ የራሳቸውን ልጅ እንደሚጠሩ።

ጀዊሪያ በሰላት መጨረሻ እጇን ስትዘረጋ የምትጠራው ስም እየበዛ ሄዷል። ሲስተር ተናኜ አለች፣ የአዲስ አበባው ሐኪም አለ፣ ይሁኔና ባለቤቱ አሉ። የእማ ራህመት ጉልበት እንዳይደክም ትለምናለች። ለፈሪድ ብዙ አትለምንም፤ እሱ ጤናማና ረባሽ ነው፤ ክር ጎትቶ ሲበታትን ይውላል። ለኑሀ ረጅም ዕድሜ ትለምናለች። ዱዓዋን ሳትጨርስ ኑሀ ከውጭ «እማ! ፈሪድ ክራንቼን ይዞ ሮጠ!» ብላ ትጮኻለች፤ ጀዊሪያም የቀረውን በሳቅ እየጨረሰች ትነሣለች።